ዘማሪ ወፎች ዜማን እንዴት ይለያሉ? በጉዳዩ ላይ ሲጽፉና ሲያስተምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዘማሪ ወፎች ዜማን እንዴት እንደሚሰሙ፣ ከሰሙ በኋላም ምኑን ይዘው እንደሚያስታውሱትና እንደሚለዩት የሚመረምረው የጥናት መስክ ባለፉት አርባ ዓመታት አቅጣጫውን ከአንድ ጊዜ በላይ ለውጧል። በጋዜጣ፣ በመማሪያ መጽሐፍና በዘጋቢ ፊልም የሚነገረው ግን ብዙውን ጊዜ ከለውጡ በፊት የነበረው አስተሳሰብ ነው። ከዚህ በታች የቀረቡት ስህተቶች ስለ ተፈጥሮ የሚጽፉ ሰዎች፣ የሥነ ሕይወት መምህራን፣ ድምፅ የሚቀዱ ወፍ ተመልካቾችና የእንስሳት ባሕርይ ተማሪዎች በተደጋጋሚ የሚወድቁባቸው ናቸው። ሁሉም እኩል ክብደት የላቸውም፤ የመጀመሪያዎቹ ጉዳዩን ከሥሩ ስለሚነኩ ረዘም ብለው ተብራርተዋል። «ከፍታ» ስል የድምፁን ጩኸት ሳይሆን ቅጥነቱንና ውፍረቱን ማለቴ እንደሆነ፣ ዓመታቱም በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድሜ አመለክታለሁ።

ወፉ ዜማን የሚሰማው እንደ ሰው ነው ብሎ መነሣት

ሰው ዜማን የሚያውቀው በኖታዎቹ መካከል ባለው ርቀት እንጂ በእያንዳንዱ ኖታ ትክክለኛ ከፍታ አይደለም። በትዝታ ቅኝት የተሠራ አንድ ዜማ በወፍራም የወንድ ድምፅ ቢዜም፣ በቀጭን የሴት ድምፅ ቢዜም፣ በክራር ወይም በማሲንቆ ቢቀርብ አድማጩ ያው ዜማ መሆኑን ወዲያውኑ ያውቃል፤ ገና አፍ ያልፈቱ ሕፃናት እንኳ ከፍ ወይም ዝቅ ተደርጎ የቀረበላቸውን የለመዱትን ዜማ ይለያሉ። ይህ ችሎታ ያለ አንዳች ጥረት ስለሚመጣልን ጆሮ ያለው ፍጡር ሁሉ የሚጋራው ይመስለናል፤ ከንጋት ጀምሮ ሲዘምር የሚውል ወፍ ደግሞ ከማንም በላይ ሊኖረው የሚገባ ይመስለናል።

በ1980ዎቹ በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ በሚገኘው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ስቱዋርት ሃልስና ጄፍሪ ሲንክስ ይህን ግምት ፈተኑት። የተጠቀሙበት ወፍ ስታርሊንግ ሲሆን፣ ይህም ከአውሮፓ ወደ ሰሜን አሜሪካ ተወስዶ በመላው አህጉር የተስፋፋ፣ የሌሎችን ድምፅ በመቅዳት የታወቀ ዘማሪ ወፍ ነው። ወፎቹ ከፍታቸው ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ኖታዎችን ደረጃ በደረጃ ከሚወርዱት እንዲለዩ በምግብ ሽልማት ሠለጠኑ። ተማሩም፤ በሠለጠኑበት የከፍታ ክልል ውስጥ ከዚያ በፊት ሰምተዋቸው የማያውቁ አዳዲስ ኖታዎች ሲቀርቡላቸው የሚወጣውን ከሚወርደው ለዩ። ነገር ግን ያንኑ ቅርጽ የያዙት ኖታዎች በአንድ ኦክታቭ (ፍሪኩዌንሲው፣ ማለትም ድምፁ በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት፣ እጥፍ ወይም ግማሽ በሚሆንበት ርቀት) ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲዛወሩ ወፎቹ የተማሩት ሁሉ እንደጠፋባቸው ሆኑ፤ ለሰው ጆሮ ምንም ያልተለወጠው ነገር ለእነሱ ፈጽሞ እንግዳ ሆነ። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ1985 ባሳተሙት ጥናት ተመሳሳይ ውጤት በሌሎች ሁለት ዘማሪ ወፎች፣ በሞኪንግበርድና በካውበርድ ላይም መገኘቱን አስታወቁ። የሞኪንግበርድ ነገር በተለይ ያስገርማል፤ ይህ ወፍ የደርዘን ወፎችን ዝማሬ እየቀዳ የሚዘምር ነውና።

እዚህ ላይ ለጥንቃቄ መታወስ ያለበት፣ ወፎቹ በሠለጠኑበት ክልል ውስጥ የመውጣትንና የመውረድን ግንኙነት ተጠቅመዋል። ስለዚህ ትክክለኛው አገላለጽ «ወፎች የኖታዎችን ግንኙነት አይሰሙም» የሚለው ሳይሆን፣ ግንኙነቱን ከተማሩበት የከፍታ ክልል ነጥለው በቀላሉ ወደ ሌላ ክልል አይወስዱትም የሚለው ነው።

«እንግዲያውስ ወፎች ፍጹም ከፍታን ይሸመድዳሉ» ብሎ መደምደም

የመጀመሪያውን ስህተት ያስወገዱ ጸሐፊዎች ብዙውን ጊዜ በዚህኛው ይወድቃሉ፤ ምክንያቱም የሃልስና የሲንክስ ውጤት ለረጅም ጊዜ የተተረጎመው ወፍ እያንዳንዱን ኖታ በትክክለኛ ከፍታው ይዞ ያስታውሳል በሚል ነበር። ይህ ትርጓሜ ድጋፍም አላጣም። በካናዳ ኪንግስተን ከተማ በሚገኘው በኲንስ ዩኒቨርሲቲ ሮናልድ ዋይስማንና የሥራ ባልደረቦቻቸው ንጹህ ቃናዎችን በስምንት የከፍታ ክልሎች ከፍለው፣ የትኞቹ ክልሎች ሽልማት እንደሚያስገኙና የትኞቹ እንደማያስገኙ እንዲለዩ ወፎችን፣ ሰዎችንና አይጦችን ፈተኑ። ዜብራ ፊንችና ቺካዲን የመሳሰሉ ዘማሪ ወፎች ሰውንም አይጥንም በሰፊ ልዩነት በለጡ። ከዚያ ወዲህ ወፎች ሁሉ በሙዚቀኞች ዘንድ እምብዛም የማይገኘው ፍጹም የከፍታ ጆሮ አላቸው የሚለው አባባል ሳይመረመር ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ተሻገረ።

ችግሩ ያለው ንጹህ ቃና ላይ ነው። ንጹህ ቃና ጉልበቱ በሙሉ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ያረፈ፣ በመሣሪያ የሚፈጠር ድምፅ ነው። በእንዲህ ያለ ድምፅ ከፍታው ሲለወጥ፣ የድምፁ ጉልበት በፍሪኩዌንሲዎች ላይ የሚሰራጭበት ሁኔታም የግድ አብሮ ስለሚለወጥ፣ ወፉ የለየው ከፍታውን ይሁን ስርጭቱን ለማወቅ መንገድ የለም። ክር፣ ጉሮሮ ወይም የወፍ የድምፅ አካል የሆነው ሲሪንክስ የሚያወጣው ድምፅ ግን ብዙ ፍሪኩዌንሲዎችን በአንድ ጊዜ የሚይዝ በመሆኑ፣ ከፍታው ሳይነካ የጉልበቱ ስርጭት ብቻ ሊለወጥ ይችላል። ክራርና ዋሽንት አንድን ኖታ በእኩል ከፍታ ሲያሰሙ አንዱን ከሌላው የምንለየው በዋናነት በዚህ ስርጭት ነው።

ማይካ ብሬግማን፣ አኒሩድ ፓቴልና ቲሞቲ ጌንትነር በ2016 ያሳተሙት ጥናት ሁለቱን የነጣጠለው በዚህ መንገድ ነበር። ስታርሊንጎቹ መጀመሪያ የተማሩት፣ እያንዳንዱ ኖታ በከፍታው ብቻ ሳይሆን በድምፁ ቀለምም (ክራርን ከዋሽንት በሚለየው ባሕርይም) ከጎረቤቱ የሚለይባቸውን አጫጭር ዜማዎች ነው። በኋላ የዜማዎቹ ኖታዎች ትክክለኛ ከፍታቸውን እንደያዙ፣ ሁሉም ግን በአንድ ዓይነት የፒያኖ ድምፅ ቀረቡላቸው። ወፎቹ ፍጹም ከፍታን የሚሸመድዱ ቢሆኑ ኖሮ ይህ ፈተና ቀላል በሆነላቸው ነበር፤ እነሱ ግን ዜማዎቹን ማወቅ ተሳናቸው። ቀጥሎ የቀረበላቸው ተቃራኒው ነበር፤ ተመራማሪዎቹ ድምፁን በበርካታ የፍሪኩዌንሲ ክልሎች ከፋፍለው፣ በየክልሉ ያለውን የጉልበት መጠን ጠብቀው፣ ውስጡን ግን ሹክሹክታ በሚመስል ጫጫታ ተኩት። በዚህ መንገድ የተሠራ ድምፅ ከፍታ የሚባል ነገር ስለማይቀረው ሰው ዜማውን ሊያንጎራጉረው አይችልም። ስታርሊንጎቹ የተማሩትን ዜማ የለዩት ግን በዚህኛው ነበር።

ሰውም ቢሆን በአንድ ጉዳይ ላይ ልክ እንዲህ ያዳምጣል፤ እሱም ንግግር ነው። በ1995 የታተመ የታወቀ ጥናት እንዳሳየው፣ ንግግር በአራት የፍሪኩዌንሲ ክልሎች ብቻ ተከፋፍሎ በጫጫታ ቢተካ እንኳ አድማጩ ከጥቂት ልምምድ በኋላ አብዛኛውን ቃል ይረዳል። በጆሮ ውስጥ የሚተከለው የኮክሌር መሣሪያ ከፍታን በደንብ ማስተላለፍ ባይችልም ተጠቃሚው ንግግርን የሚከታተለው፣ ዜማን ግን በችግር የሚለየው በዚሁ ምክንያት ነው። በእኔ እምነት የዚህ ጥናት ዋና ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ስታርሊንግ የኖታዎችን ተራ የሚያዳምጥበት መንገድ እኛ ሙዚቃን ከምናዳምጥበት ይልቅ ንግግርን ለምናዳምጥበት ይቀርባል።

ይህን ሰምቶ ደግሞ ስታርሊንግ ከፍታን ጨርሶ አይሰማም ማለት ሌላ ስህተት ነው። ሲንክስና ሻፒሮ በ1986 እንዳሳዩት፣ ከአንድ ድምፅ ውስጥ መሠረታዊው ፍሪኩዌንሲ ቢወገድ ስታርሊንግ እንደ ሰው ሁሉ ከቀሩት ተደራራቢ ፍሪኩዌንሲዎች ተነሥቶ ከፍታውን ያገኘዋል። ከፍታን መስማት መቻልና ዜማን ለመለየት በከፍታ መመራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከአንድ ዝርያ ተነሥቶ ስለ ሁሉም መናገር

ዘማሪ ወፎች የሚባለው ቡድን ወደ 5,000 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት፤ ድንቢጥ ከነዘመዶቿ፣ ድምፁ ዝማሬ የማይመስለው ቁራም ጭምር እዚህ ውስጥ ይመደባሉ። ርግብ፣ ዶሮና በቀቀን ግን ከቡድኑ ውጪ ናቸው። ስለ ዜማ ማስተዋል የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው በላብራቶሪ ለማርባት ወይም ለማቆየት ከሚመቹ ጥቂት ዝርያዎች፣ በተለይም ከስታርሊንግና ከዜብራ ፊንች ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል ሊሰፋ እንደሚችል ባለ ጥቁር ቆቡ ቺካዲ ያሳያል። በሰሜን አሜሪካ ደኖች የሚኖረው ይህ ትንሽ ወፍ በጸደይ ወራት የሚዘምረው ዝማሬ ሁለት ኖታ ብቻ ነው፤ ሰዎች በድምፁ «ፊ-ቢ» ይሉታል። የመጀመሪያው ኖታ ከፍ ይላል፣ ሁለተኛው ዝቅ ይላል። ወንዱ በንጋት ሲዘምር አንዴ ዝማሬውን በሙሉ ከፍ አድርጎ፣ አንዴ ዝቅ አድርጎ ያሰማዋል፤ በሁለቱ ኖታዎች መካከል ያለው ጥምርታ ግን ከሞላ ጎደል አይዛነፍም። ዋይስማንና ሎሪን ራትክሊፍ ጥምርታው ሆን ተብሎ የተዛባ ዝማሬ በመስክ ሲያሰሙ ክልላቸውን የሚጠብቁት ወንዶች የሚሰጡት ምላሽ ቀንሷል። በ2004 የታተመ ጥናት ደግሞ በመንጋው ውስጥ የበላይነት ያላቸው ወንዶች ዝማሬውን ከአንድ ከፍታ ወደ ሌላ ሲያዛውሩ ጥምርታውን ከበታቾቻቸው በተሻለ እንደሚጠብቁ አመልክቷል። እዚህ ላይ የኖታዎች ግንኙነት የወፉን ማንነትና አቅም የሚናገር መልእክት ሆኗል፤ ስታርሊንግ በላብራቶሪ የወደቀበትን ፈተና ቺካዲ በጫካ ውስጥ በየንጋቱ ያልፈዋል። ያም ሆኖ በማሳቹሴትስ ጠረፍ አጠገብ ባለችው ማርታስ ቪንያርድ በተባለች ደሴት የሚኖሩ የዚሁ ዝርያ ወፎች ዝማሬያቸው ይህን መውረድ የለውም፤ ኖታዎቹ በአንድ ከፍታ ላይ ይቆያሉ። ስለዚህ ስለ አንድ ዝርያ ሲነገር እንኳ የየትኛው አካባቢ ወፍ እንደተጠና መጥቀስ አስፈላጊ ነው።

የድምፁ ዓይነትም ውጤቱን ይለውጣል። ከላይ የተጠቀሱት ብሬግማን፣ ፓቴልና ጌንትነር በ2012 እንዳሳተሙት፣ የራሳቸውን ዝርያ ዝማሬ የተማሩ ስታርሊንጎች ዝማሬው ከፍ ወይም ዝቅ ተደርጎ ሲቀርብላቸው ለይተውታል፤ በፒያኖ ኖታ የተሠራ ዜማ ሲሆን ግን ማዛወሩ አሰናክሏቸዋል። ወፍ በሙከራ ቤት ሲወድቅ ምን ዓይነት ድምፅ ቀርቦለት እንደወደቀ ሳይጠየቅ ስለ ችሎታው መፍረድ አይቻልም።

የኖታዎች ቅደም ተከተል ከሁሉ የሚበልጥ ነገር ነው ብሎ ማሰብ

ለእኛ ዜማ ማለት ተራ ነው፤ ኖታዎቹ ቦታ ቢቀያየሩ ዜማው ሌላ ይሆናል። የአውስትራሊያው ዜብራ ፊንች ደግሞ ይህን አመለካከት የሚያጠናክር ይመስላል፤ አንድ ወንድ በልጅነቱ የተማራትን አጭር ዝማሬ ዕድሜውን በሙሉ፣ ክፍሎቿን በአንድ ዓይነት ተራ እየደረደረ ይደጋግማታል። ተራውን እንዲህ አጥብቆ የሚጠብቅ ወፍ ተራው ሲዛባ ቶሎ ይሰማዋል ብሎ መጠበቅ ምክንያታዊ ነው።

በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሮበርት ዱሊንግ ላብራቶሪ ለዓመታት ያካሄዳቸው ሙከራዎች ግን ሌላ ነገር አሳዩ። የዝማሬው ክፍሎች ተራቸው ሲበወዝ ዜብራ ፊንቾች ለውጡን የሚለዩት በችግር ነው። ከክፍሎቹ አንዲቱ ብቻ በቦታዋ እንዳለች ከኋላ ወደ ፊት ተገልብጣ ስትቀርብ ግን ያለ ምንም ችግር ይለዩታል። ለሰው ጆሮ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ የተራውን መበወዝ በቀላሉ እንሰማለን፣ የአንዲት አጭር ድምፅ መገልበጥ ግን ብዙውን ጊዜ ያመልጠናል። ይኸው ላብራቶሪ በ2002 ባሳተመው ሥራ፣ አጠቃላይ የጉልበት ስርጭታቸው አንድ ሆኖ በአንድና በሁለት ሚሊሰከንድ ውስጥ ባለው ደቃቅ የሞገድ አወቃቀር ብቻ የሚለያዩ ድምፆችን ወፎች እንደሚለዩ አሳይቷል፤ ሰዎች በዚህ ረገድ ከወፎቹ በእጅጉ ወደ ኋላ ቀርተዋል። እንግዲህ የዜብራ ፊንች ዝማሬ ለእኛ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆነ አሰልቺ ድግግሞሽ ቢመስልም፣ ለሌላ ዜብራ ፊንች በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ እኛ የማንሰማው ልዩነት ሊኖረው ይችላል።

ይህም ቢሆን ለሁሉም የሚሠራ ሕግ አይደለም። በጃፓን ቶሺታካ ሱዙኪና ባልደረቦቻቸው በ2016 እንዳሳዩት፣ የጃፓን ቲት የተባለው ወፍ አካባቢን ለመቃኘት የሚያስጠነቅቀውን ጥሪ አስቀድሞ፣ ወደ ጠሪው መቅረብን የሚያዘውን ጥሪ አስከትሎ ሲያሰማ ባልንጀሮቹ ሁለቱንም ይፈጽማሉ፤ ተራው ሲገለበጥ ግን ምላሻቸው እጅግ ይቀንሳል። በጀርመን አገር ደግሞ ከጫጩትነታቸው ጀምሮ በሰው እጅ ያደጉና በፉጨት የሕዝብ ዜማ የተማሩ ቡልፊንች የተባሉ ወፎች፣ አስተማሪያቸው ዜማውን በመካከል ሲያቋርጥ ተከታዩን ኖታ ጠብቀው ከቆመበት ሊቀጥሉ እንደሚችሉ በ2014 የታተመ ጥናት ዘግቧል። ተራን አለማስተዋል የዘማሪ ወፎች ሁሉ ባሕርይ ነው ብሎ መጻፍ እንግዲህ የመጀመሪያውን ስህተት በሌላ መልክ መድገም ነው።

ወፎች ከሰው ይልቅ ሰፊ የመስማት ክልል አላቸው ማለት

ይህ ባጭሩ ሊታረም የሚችል ነው። ወጣት ሰው ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ የሚደርስ ድምፅ ይሰማል። አብዛኞቹ ዘማሪ ወፎች በጥራት የሚሰሙት ከ2,000 እስከ 5,000 ሄርዝ ባለው አካባቢ ሲሆን ከ10,000 ሄርዝ በላይ የሚሰሙት እምብዛም ነው። ደካማ ድምፅ በመስማትም ከሰው አይበልጡም። ብልጫቸው ከላይ እንደተገለጸው እጅግ አጭር በሆነ ጊዜ ውስጥ ያለውን የድምፅ ልዩነት በመለየት ላይ ነው።

መለየትን ከመውደድ ጋር ማምታታት

በ1999 በጃፓን ሺገሩ ዋታናቤና ካትሱፉሚ ሳቶ የጃቫ ድንቢጦች የባኽን ሙዚቃ ከሾንበርግ እንዲለዩ አሠልጥነው፣ ወፎቹ የተማሩትን ከዚያ በፊት ሰምተዋቸው ወደማያውቁት ወደ ቪቫልዲ (እንደ ባኽ የቀድሞ ዘመን አቀናባሪ) እና ወደ ካርተር (እንደ ሾንበርግ የሃያኛው ክፍለ ዘመን አቀናባሪ) ሥራዎች ማሸጋገራቸውን አሳዩ። ዜናው ወደ ጋዜጣ ሲደርስ «ወፎች ክላሲካል ሙዚቃን ያጣጥማሉ» ሆነ። ሙከራው የጠየቀው ግን ወፉ ሁለት የድምፅ ቡድኖችን መለየት ይችላል ወይ የሚለውን ብቻ ነው፤ ትክክለኛውን የመረጠ ወፍ እህል ያገኛል። ርግቦችም በ1984 ባኽን ከስትራቪንስኪ ለይተዋል፤ ርግብ ደግሞ ዘማሪ ወፍም አይደለችም፣ ድምፅም በመማር አታገኝም። እንዲህ ያለውን መለየት ለመፈጸም ዜማውን እንደ ዜማ መስማት የግድ አይደለም፤ በሁለቱ ሙዚቃዎች መካከል ያለው የጉልበት ስርጭት ወይም የድምፆች ጥግግት ልዩነት ሊበቃ ይችላል።

ምርጫን ለመመርመር ሌላ ዓይነት ሙከራ ያስፈልጋል። ዋታናቤ በ1998፣ ከጃቫ ድንቢጦቹ የመለየት ጥናት አንድ ዓመት ቀደም ብለው፣ ወፉ በሚያርፍበት መቀመጫ መሠረት የሚሰማው ሙዚቃ የሚለወጥበትን ዘዴ ተጠቅመው ነበር፤ ባኽ በሚሰማበት መቀመጫ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ የቆዩት ግን ከወፎቹ ሁሉም አልነበሩም። በተመሳሳይ ከሙዚቃ ጋር እየተወዛወዘ በቪዲዮ የታወቀውን ስኖውቦል የተባለ ወፍ ለዘማሪ ወፎች ምሳሌ አድርጎ ማቅረብ የተለመደ ስህተት ነው፤ ስኖውቦል ኮካቱ ነው፣ ኮካቱ ደግሞ የበቀቀን ወገን ነው።

መዘመርን ከማስተዋል ጋር አንድ ማድረግ

ሞዛርት ግንቦት 27 ቀን 1784 በቪየና ስታርሊንግ ገዝቶ ነበር። በሒሳብ መዝገቡ ላይ ወፉ የሚያፏጨውን ዜማ በኖታ ጻፈው፤ ዜማው ሞዛርት ራሱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ከጨረሰው የፒያኖ ኮንሰርቶ የተወሰደ ነበር፤ ወፉ ግን አንዱን ኖታ አስረዝሞ፣ ሌሎችን ደግሞ በግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጎ ነበር የሚያሰማው። ታሪኩ ደስ የሚል በመሆኑ ወፉ ዜማውን «ተረድቶታል» ወይም በተቃራኒው «ተሳስቷል» ለማለት ይጠቀስበታል። ሁለቱም አይደገፉም። ወፍ የሚያወጣው ድምፅ በሲሪንክሱ፣ በልምምዱና በማኅበራዊ ሕይወቱ የሚወሰን በመሆኑ፣ ዜማውን ለይቶ ስለሚያውቅበት መንገድ በቀጥታ የሚነግረን ነገር የለም።

በሌላው አቅጣጫ ደግሞ የማይዘምር ወፍ ዜማን በሚገባ ሊያውቅ ይችላል። የዜብራ ፊንች ሴት አትዘምርም፤ ሆኖም የአባቷን ዝማሬ ከተለየችው በኋላ ለረጅም ጊዜ ታስታውሳለች፣ የትዳር ጓደኛዋንም በዝማሬው ትለየዋለች። በአንጎል ውስጥም ሁለቱ ሥራዎች የተለያየ ቦታ አላቸው። ፈርናንዶ ኖተቦምና ባልደረቦቻቸው በ1976 የገለጹት የመዘመሪያ ሥርዓት አንድ ነገር ሲሆን፣ ክላውዲዮ ሜሎ፣ ዴቪድ ቪካሪዮና ዴቪድ ክሌይተን በ1992 የራስ ዝርያ ዝማሬ ሲሰማ የጂን እንቅስቃሴ እንደሚጨምርባቸው ያሳዩዋቸው የመስሚያ ክፍሎች ሌላ ናቸው። እርግጥ ነው፣ መዘመር ያለ መስማት አይሠምርም፤ ማሳካዙ ኮኒሺ በ1965 እንዳሳዩት፣ ባለ ነጭ ዘውድ ድንቢጥ የአዋቂን ዝማሬ በጫጩትነቱ ሰምቶ ራሱ መለማመድ ሳይጀምር መስማት ቢያቆም፣ የሰማውን መልሶ መዘመር አይችልም። ይሁን እንጂ መስማት ለመዘመር አስፈላጊ መሆኑ ሁለቱን አንድ አያደርጋቸውም።

የዜብራ ፊንች ሴት አለመዘመር ደግሞ ወደ ሌላ ስህተት እንዳይመራ መጠንቀቅ ይገባል። በ2014 የታተመ ሰፊ ንጽጽር ከተመረመሩት ዝርያዎች በ71 በመቶው ሴቶችም እንደሚዘምሩ አሳይቷል። ወንድ ብቻ ይዘምራል የሚለው አስተሳሰብ የተስፋፋው ምርምሩ በብዛት የተካሄደው በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ወፎች ላይ በመሆኑ ነው።

በዝማሬው ውስጥ የሰውን ቅኝት መፈለግ

ረጅም ታሪክ ያለው ፈተና ነው፤ የወፍን ድምፅ በኖታ ጽፎ የአምስት ወይም የሰባት ድምፅ ቅኝት ማግኘት። ችግሩ ኖታ መጻፍ ራሱ ድምፅን ወደ ቅርቡ የሰው እርከን ማጠጋጋት በመሆኑ፣ ፈላጊው የሚያገኘው ራሱ ያስገባውን መሆኑ ነው። ከዚህ የተሻለው መንገድ ፍሪኩዌንሲን በመሣሪያ መለካትና በአጋጣሚ ሊገኝ ከሚችለው ጋር በስታቲስቲክስ ማወዳደር ነው። ኤሚሊ ዱሊትልና ባልደረቦቿ በ2014 በዚህ መንገድ ሄርሚት ትረሽ የተባለውን የሰሜን አሜሪካ ወፍ መርምረው፣ አብዛኞቹ ዝማሬዎቹ የአንድ መሠረታዊ ፍሪኩዌንሲ ብዜቶችን የሚከተሉ ሆነው አግኝተዋቸዋል። ማርሴሎ አራያ ሳላስ ደግሞ በ2012 የመካከለኛው አሜሪካን ናይቲንጌል ሬን በተመሳሳይ ጥንቃቄ መርምረው፣ ከሰው የሙዚቃ እርከኖች ጋር የሚስማማው ከአጋጣሚ እንደማይበልጥ ደምድመዋል። ብዙዎች የመጀመሪያውን ጥናት ብቻ ይጠቅሳሉ። እሱም ቢሆን የተለካው ወፉ ያወጣው ድምፅ እንጂ ወፉ በሚሰማው ላይ ያለው ምርጫ አይደለም፤ በዚህም ላይ ለሰው ቅኝት መሠረት የሚመስለው የኦክታቭ ተመሳሳይነት፣ ማለትም በአንድ ኦክታቭ የተራራቁ ኖታዎችን እንደ አንድ የመስማት ባሕርይ፣ በስታርሊንግም በቺካዲም ላይ ተፈልጎ አልተገኘም።

ሙከራን በአንድ ቅጂ መሥራትና ለሰው ጆሮ በተሠራ ፋይል መታመን

የመጨረሻው ስህተት የሚመለከተው በመስክ ድምፅ እያሰሙ የወፎችን ምላሽ የሚመዘግቡትን ነው፤ በተለይ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎችን። አንድ ተማሪ ወፎች የአካባቢያቸውን ዝማሬ ከሩቅ አገር ዝማሬ ይለያሉ ወይ ብሎ ይነሣል እንበል። አንድ የአካባቢ ቅጂና አንድ የሩቅ ቅጂ ይዞ ለሃያ ወፎች ያሰማና ናሙናዬ ሃያ ነው ይላል። ዶናልድ ክሩድስማ በ1989 ባሳተሙት ብዙ ክርክር ባስነሣ ጽሑፍ እንዳስረዱት፣ ለዚህ ጥያቄ የናሙናው መጠን አንድ ነው። ወፎቹ የለዩት ሁለቱን ቅጂዎች ነው፤ ቅጂዎቹ ደግሞ ከአካባቢ በተጨማሪ በዘማሪው ግለሰብ፣ በድምፁ ጥራት፣ በነፋሱና በማይክሮፎኑ ርቀት ይለያያሉ። መፍትሔው ከእያንዳንዱ አካባቢ የብዙ ወፎችን ዝማሬ ቀድቶ፣ ለእያንዳንዱ ተፈታኝ ወፍ የተለየ ቅጂ ማሰማት፣ የሁሉንም የጩኸት መጠን ማመጣጠን ነው። ሥራው ይበዛል፤ ሌላ አቋራጭ ግን የለውም።

ከዚሁ ጋር አብሮ የሚሄደው የፋይሉ ዓይነት ነው። ኤምፒ3ን የመሰሉ የድምፅ መጨመቂያ ዘዴዎች መጠን የሚቀንሱት የሰው ጆሮ አይሰማውም ተብሎ የተገመተውን የድምፁን ክፍል በመጣል ነው፤ የሚጣለው ምን እንደሆነ የተወሰነው በሰዎች ላይ በተደረጉ የመስማት ፈተናዎች ነው። ጭመቃው ደቃቁን የሞገድ አወቃቀር ሊያዛባ ስለሚችል፣ በአንድና በሁለት ሚሊሰከንድ ያለውን ልዩነት ለሚሰማ ጆሮ ሁለቱ ፋይሎች አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። የቀረጻው መሣሪያ ባልተጨመቀ የዌቭ ፋይል እንዲቀዳ ከመጀመሪያው ማስተካከል፣ ተጨምቀው ከኢንተርኔት የተገኙ ቅጂዎችንም በዌቭ ከተቀዱት ጋር በአንድ ሙከራ ውስጥ አለመቀላቀል ያስፈልጋል፤ አንድ ጊዜ የተጨመቀ ፋይል ወደ ዌቭ ቢቀየርም የጠፋው አይመለስም።